የጎንደር ቢጫ ሁሉ አደይ አይደለም

(ምስል፦ መስከረም ላይ ከጎሃ ኮረብታ የሚታይ የጎንደር ዙሪያ)

መስከረም ላይ ጎንደር የመጣ እንግዳ ቢጫ መስክ ውስጥ ገብቶ ፎቶ ይነሳል። ከሥሩም «አደይ አበባ» ብሎ ይጽፋል። ብዙ ጊዜ ግን የቆመው የሰው ኑግ ውስጥ ነው። ገበሬው ባያየው ይሻለዋል!

በዚህ ወቅት እዚህ አካባቢ ቢጫ የሚያብቡ ሦስት ዘመዳሞች አሉ፦ አደይ፣ ኑግ እና መጭ። አደይ ደመራ ላይ ይታሰራል፣ ይዘፈንለታል። ኑግ ገበያ አለው። መጭን የሚያነሳው ግን ብዙውን ጊዜ የሚያርመው ሰው ነው። እኛ ዛሬ እሱ ዘንድ እንቆያለን።

(ምስል፦ አንድ አበባ በጣም ቀርቦ)

ሦስቱም የሱፍ አበባ ቤተሰብ ናቸው። ግራዋ፣ አሪቲ፣ ሰላጣ ሳይቀር እዚሁ ይመደባሉ። በዚህ ቤተሰብ አንድ አበባ የሚመስለን ነገር የብዙ አበቦች ስብስብ ነው። መሃሉ ላይ ያለው ክብ ጥቃቅን አበቦች ተጠጋግተው የቆሙበት ነው። ዳር ዳሩን ያለው እያንዳንዱ ቢጫ ቅጠልም ራሱን የቻለ አበባ ነው። የአደይ የዳር አበቦች ዘር አይቋጥሩም። ሥራቸው ንብ መጥራት ነው።

(ምስል፦ የሦስቱ ቅጠሎች ጎን ለጎን)

ለመለየት አበባውን ተዉትና ቅጠሉን እዩ። የአደይ ቅጠል ስንጥቅጥቅ ያለ ነው። የኑግና የመጭ ግን አልተከፋፈለም፤ ከሥሩ ግንዱን አቅፎ ይይዛል። ሁለቱን ደግሞ በእጃችሁ ዳስሱ። የመጭ ይሻክራል። ዘራቸው ከደረሰ ነገሩ ይቀላል፤ የኑግ ፍሬ ተለቅ ይላል።

(ምስል፦ መንገድ ዳር የቆመ መጭ)

መጭ የምንለው ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በየዓመቱ ከዘር ይበቅላል። ሰብል ውስጥ የሚያስቸግረው በተለይ እሱ ነው። ሌላው ቋሚ ነው። በበጋ ላዩ ቢደርቅም ሥሩ መሬት ውስጥ ይከርማል፤ ዝናብ ሲመጣ እንደገና ያቆጠቁጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ተመራማሪዎች እንደሚሉት ኑግ የወጣው ከዚሁ ከዓመታዊው መጭ ነው። የጥንት ገበሬዎቻችን ሻል ያለውን ዘር እየመረጡ ሲዘሩ፣ ሲመርጡ ቆይተው አረሙን ሰብል አደረጉት። እኔን እስካሁን ይገርመኛል። ሁለቱም 30 ክሮሞዞም አላቸው፤ ዛሬም ይዳቀላሉ። ለገበሬው ግን ይህ ዝምድና ጣጣ ነው። ሲበቅሉ ይመሳሰላሉ፣ ሲታጨዱም አብረው ይገባሉ። ከኑግ የተገኘህ ሰሊጥ አብረህ ተወቀጥ ይባል የለ? እዚህ የሚወቀጠው መጩ ነው፤ የዘይቱን ጥራት ያወርደዋል።

(ምስል፦ የዘይት መጭመቂያ፣ ፋጉሎ)

በነገራችን ላይ አሜሪካ ውስጥ ኑግ የወፍ ምግብ ነው። እኛ የምንጾምበትን እነሱ ግቢያቸው ለሚመጣ ወፍ ያቀርቡታል። አብሮት የሚገባው የአረም ዘር እንዳይበቅልም አስቀድሞ በሙቀት ይታከማል።

(ምስል፦ ንቦች አበባ ላይ)

መጭ ታዲያ ጥፋት ብቻ ነው? ንብ አርቢ ጠይቁ። ኑግ በራሱ የአበባ ዱቄት ዘር መቋጠር አይሆንለትም፤ ከሌላ ተክል የሚያመጣለት ይፈልጋል። አመላላሿ ንብ ናት። ንብ ደግሞ ኑግ ብቻ በልታ አትከርምም። አደይና መጭም ይቀልቧታል። በጥቅምትና በኅዳር የሚቆረጠው ማር በአብዛኛው የዚህ የቢጫ ወቅት ውጤት ነው።

ስለዚህ ማሳ ውስጥ ያለውን መጭ ዘር ሳይቋጥር ንቀሉት። በተለይ ለዘር የምታስቀምጡት ኑግ ካለበት አትዘግዩ። ከእርሻው ራቅ ብሎ መንገድ ዳርና ገደል አፋፍ ላይ የቆመውን ግን አበባው እስኪረግፍ ለንቦቹ ተዉላቸው።