እሱን ማን ጠየቀው?

(ድሬዳዋ፣ በወሩ የመጽሐፍ ውይይት ምሽት የቀረበ ንግግር)

እንደምን አመሻችሁ?

በሩ ላይ የቆማችሁ ልጆች ገባ በሉ አቦ። ያቺን የምሽት ነፋስ አትዝጉብን፤ ቀኑን ሙሉ ስንጠብቃት ነው የዋልነው።

አዘጋጆቹ «አንባቢ ስለዚህ መጽሐፍ ምን አለ?» የሚለውን አንቺ ተናገሪ አሉኝ። ለምን እኔን እንደመረጡ ገብቶኛል። ደራሲ አይደለሁም። ሃያሲም አይደለሁም። መጽሐፍ እሸጣለሁ፣ አከራያለሁ። መጽሐፍ የሚመልስ ሰው ደግሞ ዝም ብሎ መልሶ አይሄድም። መያዣውን ከተቀበለ በኋላ ክንዱን ባንኮኒው ላይ ያስደግፍና ወሬውን ይጀምራል። እኩለ ቀን ላይ ድሬ ሱቋን ዘግታ ጥላ ስትፈልግ፣ እኔ ጋ ችሎት ይሰየማል። ስለዚህ የማወራው በጆሮዬ የሰማሁትንና በዓይኔ ያየሁትን ነው። የሰማሁት ደግሞ አናዶኛል። ቀድሜ ልናገር፣ ኋላ «ዛሬ ምን ነካት?» እንዳትሉ።

የመጽሐፉን ስም መጥራት አያስፈልገኝም። ግማሻችሁ እጅ ላይ አያለሁ። ላላነበባችሁት ታሪኩን ባጭሩ ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ነው፣ ኮንዶሚኒየም፣ ባልና ሚስት ከአንዲት ልጃቸው ጋር። እሷ ባንክ ትሠራለች። እሱ አስመጪ ነው፣ መንገድ ይበዛበታል። አንድ ቀን ሱሪውን ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ የትምህርት ቤት ክፍያ ደረሰኝ ታገኛለች። ደረሰኙ ላይ የማታውቀው ልጅ ስም አለ። የአባት ስም ግን ታውቀዋለች። የባሏ ስም ነው።

ሁለት ዓመት ዝም ትላለች። ከዚያ ሌላ ሰው ትወዳለች። ከዚያ ልጇን እናቷ ጋ ታደርስና ሻንጣዋን ይዛ ትወጣለች። መጨረሻ ላይ ባልየው ይደውላል። ስልኩን አየት አድርጋ ቦርሳዋ ውስጥ ትከተዋለች። አለቀ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ከሳቢያን የመጣውም፣ ከገንደ ቆሬ የመጣውም፣ ከደቻቱ ወዲህ ያለውም ወዲያ ያለውም መጽሐፉን ሲመልስ ያለኝ አንድ ነው። እኛ እኮ በምንም ነገር ተስማምተን አናውቅም። በኳስ አንስማማም። የማን ቤት ፉል ይጣፍጣል በሚለው እንኳን አንስማማም። በዚህች ሴት ላይ ግን ከተማው አንድ ቃል ሆነ። «ልጇን ጥላ!» «ምን ጎደለባት?» «ቤት አላት፣ ደመወዝ አላት፣ ምን ፈለገች?» «አስተዳደጓ ነው።»

«እሱስ?» ብዬ እጠይቃለሁ። አንድ ወጣት «የቱ እሱ?» አለኝ። ከልቡ ነው። ባልየውን ረስቶታል! መጽሐፉን ሙሉ ያነበበ ሰው፣ የሁለት ቤት አባወራውን ረስቶ ሻንጣዋን ብቻ ያስታውሳል። ሳስታውሰው «እንዴ፣ እሱማ ወንድ ነው» አለኝ። ደህና።

አንድ ኮፒ ይዤላችሁ መጥቻለሁ። እዚህ ጠረጴዛ ላይ አለ። ከማከራያቸው ሁሉ በብዙ እጅ ያለፈው ይሄ ነው፤ ጀርባው በፕላስተር ተለጥፏል። አንባቢዎቼ ጠርዙ ላይ መጻፍ እንደሚወዱ አውቃለሁ። ስልክ ቁጥር ይጽፋሉ፣ ሒሳብ ይደምራሉ፣ አንዱማ የዘይት ዋጋ ጽፎብኛል። በዚህ ተቆጥቼ አላውቅም። ይሄኛው ግን ሌላ ነው።

ደረሰኙን ያገኘችበት ገጽ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ሰው አይሳሳትም እንዴ» ይላል። ከሥሩ በእርሳስ፣ በሌላ እጅ፣ «ልክ ነው» የሚል ተጨምሮበታል። ትንሽ አልፎ ባልየው ሁለተኛው ቤት የሚያድርበት ምዕራፍ አለ። እዚያ ላይ ያው ሰማያዊ እስክሪብቶ «ምስኪን፣ ሁለት ቦታ ተሰቃየ» ብሏል።

ትስቃላችሁ። እኔም ስቄ ነበር። ቆዩ።

ሚስትየው ከሥራ ባልደረባዋ ጋር ሻይ ስትጠጣ፣ ሻይ ብቻ ነው እንግዲህ፣ ሰማያዊው እስክሪብቶ «ወራዳ» ይላል። ያው እጅ፣ ያው ቀለም። እጁን ስትነካው «ጀመረች» ይላል። ሻንጣዋን ይዛ ስትወጣ ደግሞ «እኔ ብሆን» ብሎ ጀመረና አቆመ። ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። ከሥሩ ግን አስምሮበታል። ደግሞ አስምሮበታል። ወረቀቱ ተቀዷል፣ የቀጣዩ ገጽ ላይ ጭረቱ ይታያል።

«እኔ ብሆን» ምን? እኔ ልጨርሰው አልፈልግም። እናንተ በሆዳችሁ ጨርሳችሁታል።

ይህን የጻፈው ማን እንደሆነ አላውቅም። ዛሬ እዚህ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ከሆነ እንኳን ደህና መጣህ። ሚስትህን ይዘሃት ብትመጣ ደግሞ የበለጠ ደስ ይለኝ ነበር።

አሁን ድሬን የማያውቅ ሰው ቢሰማን፣ ሁለት ቤት ያለው ወንድ በመጽሐፍ ብቻ የምናውቅ ይመስለዋል። ኧረ ተዉ! ይቺን ከተማ የወለዳት ባቡር ነው። በ1895 ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚህ ደረሰ፤ አዲስ አበባ እስኪገባ ደግሞ እስከ 1909 ቆየ። የአብዛኞቻችን አባት ወይ አያት የምድር ባቡር ሰው ነው። ዛሬ ደወሌ፣ ነገ አይሻ፣ ከነገ ወዲያ ኤረር ወይ አዋሽ። «እገሌ እኮ በየጣቢያው ትራስ አለው» ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። በሳቅ ነበር የሚወራው። በአድናቆት ማለት ይቻላል።

ከዚራ ሰፈር ልጅ እያለሁ አንድ ባቡር ነጂ ጎረቤት ነበሩን። ደግ ሰው ነበሩ፣ ከጅቡቲ ሲመለሱ ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ ብስኩት ያመጡ ነበር። ሞቱ። በሠልስቱ ድንኳን ውስጥ ሰው ጢም ብሎ ሳለ አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት ሦስት ልጆች አስከትላ ገባች። ከአዋሽ ነው የመጣችው። ማንም ምንም አልጠየቃትም፣ መጠየቅም አላስፈለገም። የልጆቹ አፍንጫ ራሱ መታወቂያ ነበር። ለቅሶው ቀጥ አለ። የአስለቃሿ ድምፅ እንኳን ተሰበረ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ፣ አንዳንዱ ሳቁን በጋቢው አፈነ።

ባለቤትየው ከተቀመጡበት ተነሡ። ሁሉም ትንፋሹን ይዟል። ሄዱና ትንሹን ልጅ አቀፉት። «ግቡ፣ ቁጭ በሉ፣ መንገደኛ ናችሁ» አሉ። እህል አቀረቡላቸው።

ይህ ነገር ሰፈሩ ውስጥ ለዓመታት ተወራ። ስለ እሳቸው «እንዴት ያለች ጨዋ!» ተባለ። ስለ ሟቹስ? «ወንድ ማለት እሱ፣ ሲሞት እንኳን ሁለት ቤት አስለቀሰ» ተባለ። በቃ፣ ይኸው ነው የሟቹ ፍርድ። እኔ ግን ያን ቀን ጓዳ ሰሐን አጥብ ነበር። ባለቤትየው ገቡና ድስቱን በጭልፋ ይፍቁ ጀመር። ምንም የቀረ ነገር የለውም፣ ባዶውን ይፍቃሉ። ከዚያ ለማንም ሳይሆን እንዲህ አሉ፦ «ጨዋ ናት ይሉኛል። ምን ሆንሽ ያለኝ ግን አለ?»

ይህን መጽሐፍ ሳነብ ያ ድስት ነው ጆሮዬ ላይ የጮኸው። ሁለት ዓመት ዝም ያለችበትን ምዕራፍ ሁላችሁም «አሰልቺ ነው» ብላችሁኛል። «ምንም አይፈጠርም፣ ዘለልኩት» ብላችሁኛል። እሱን ምዕራፍ የዘለለ ሰው በሻንጣዋ ላይ ለመፍረድ ምን ሥልጣን አለው?

እስቲ አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ያልሰማ ትልቅ ሰው እዚህ አለ? የለም። ሰብለ ወንጌል የአባቷን ቤት ጥላ፣ መነኩሴ መስላ ስትጠፋ አገር አለቀሰላት። ማንም «አስተዳደጓ ነው» አላለም። ማንም «ምን ጎደለባት፣ የፊታውራሪ ልጅ አይደለች?» አላለም። «እሷ እኮ ያላገባች ልጃገረድ ናት» ትሉኛላችሁ፣ አውቃለሁ፤ ባለፈው ሳምንት አንድ አስተማሪ ይህንኑ ብሎኛል። ይሁን። እንግዲያው የምናለቅሰው ለፍቅር አይደለማ። ከአባት ቤት ለወጣች እናለቅሳለን፣ ከባል ቤት ለወጣች እስክሪብቶ እናነሣለን።

ሕጉ እንኳን ከእኛ ቀድሟል። እኛም መጽሐፉ ውስጥ ያሉት ባልና ሚስትም የምንዳኘው በአንድ የቤተሰብ ሕግ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው። ከሱ በፊት የነበረው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤቱ አለቃ አድርጎ ሚስትን ታዛዥ አድርጓት ነበር። አዲሱ ያን ሰርዞ ሁለቱን እኩል አደረጋቸው። በሚስት ላይ ሌላ ሚስት ማግባትንም ይከለክላል። ወረቀቱ ተለውጧል። ባንኮኒዬ ላይ ያለው ችሎት ግን እስካሁን በ1952ቱ ነው የሚፈርደው!

ወንዶቹን ብቻ የምሰድብ መስሏችሁ የምታጨበጭቡ እህቶቼ፣ እጃችሁን አውርዱ። የባሳችሁት እናንተ ናችሁ። ወንዱ በርጫ ላይ አንብቦት በምርቃና ይፈርዳል፣ ሲነጋ ይረሳዋል። እናንተ ግን ውሃ ጠጥታችሁ፣ አስባችሁበት ነው የምትፈርዱት። ሌላዋን ሴት፣ የሁለተኛውን ልጅ እናት፣ «ባል ነጣቂ» ያላችሁኝ ሁሉ ሴቶች ናችሁ። መጽሐፉ እኮ በግልጽ ጽፎታል፣ ሚስት እንዳለው አታውቅም ነበር። እሷም ተታላለች። ሁለት የተታለሉ ሴቶች ከሰሳችሁ፣ አታላዩን ነጻ ለቀቃችሁ።

አንዲት ደንበኛዬ፣ በጣም የማከብራት፣ ልጆቿን ያስመረቀች ሴት፣ መጽሐፉን ባንኮኒው ላይ ጣል አድርጋ «ብትታገስ ምን ነበረበት? እኛ ታግሰን የለ?» አለችኝ። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ምንም አልመለስኩላትም፣ በዚያ ሰዓት ምን ይባላል? ሻይ አዘዝኩላት። ዛሬ ግን እዚህ ቆሜ ልመልስ። እህቴ፣ አንቺ የታገሥሽው መሄጃ ስላልነበረሽ ነው። ደመወዝ አልነበረሽም፣ በስምሽ ቤት አልነበረም፣ እናትሽም ተቀብላ ወደ ባልሽ ነበር የምትመልስሽ። ይህቺ ልጅ መሄጃ አላት። «እኔ የከፈልኩትን እሷ ለምን ሳትከፍል ትወጣለች?» ብለሽ አትቆጪ። ሁለት ዓመት ከፍላለች። ያ የዘለላችሁት ምዕራፍ ነው!

ልጇን ጥላ ስላላችሁት ደግሞ፦ ለአያቷ ሰጠቻት፣ ቅዳሜና እሁድ እየሄደች ታያታለች፤ መጽሐፉ ውስጥ አለ። ባልየው ሁለት ልጆች አሉት። በመጽሐፉ ሙሉ አንዳቸውንም ትምህርት ቤት ሲያደርስ አይታይም። ደረሰኝ ነው የሚከፍለው። እሱን «ልጆቹን ጣለ» ያለኝ አንድ አንባቢ ባገኝ የአንድ ወር ኪራይ በነጻ ብዬ ነበር። እስካሁን ኪሴ አልተነካም።

ሌሎችም ነገሮች ነበሩ፣ ቶሎ ልለፋቸው። መጨረሻው አልተቋጨም ብላችኋል። እኔ ተቋጭቷል ባይ ነኝ፣ ስልኩን አላነሣችም። የመሐሉ ግጥም ይበዛል ብላችኋል፤ በዚህ እስማማለሁ፣ ደራሲው ሰው ባለቀሰ ቁጥር ግጥም ማምጣት የለበትም። አዲስ አበባ ላይ የተጻፈ ነገር ለድሬ ምን ያደርጋል ያለኝም አለ። ከላይ የነገርኳችሁ ይበቃዋል።

በቴሌግራም ፎቶ አንሥታችሁ የምታዞሩትን በተመለከተ ዛሬ መጣላት አልፈልግም። ሌላ ቀን።

ኮፒው ጠረጴዛው ላይ ነው፣ እያገላበጣችሁ እዩት፤ ተጨማሪ እንዳትጽፉበት ብቻ። ሁለት ኮፒ እስካሁን አልተመለሰልኝም፣ የያዛችሁት ራሳችሁን ታውቃላችሁ። አሁን መድረኩ ለውይይት ክፍት ነው። ስለ ሚስትየው የተባለው ስለሚበቃ፣ መጀመሪያ ስለ ባልየው የሚናገር ሰው እጁን ያውጣ። ከወንዶቹ በኩል እንጀምር።