ለውሃው ቦታውን እንመልስለት

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ አባቶቼና እናቶቼ፣ ከአቃቂ ወንዝ ራስጌ ድረስ የመጣችሁ ወንድሞችና እህቶች፤ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም መጣችሁ።

አምና እዚሁ ቆሜ በሽቦ ቅርጫት ድንጋይ ሞልተን ወንዙ ዳር ስላቆምነው የጋቢዮን ግንብ በኩራት ነግሬያችሁ ነበር። ክረምቱ ምን እንዳደረገው ሁላችሁም አይታችኋል። ሽቦው አልተበጠሰም፣ ድንጋዩም አልጎደለም፤ ውሃው ሥሩን ቦርቡሮ ወደ ወንዙ ገለበጠው። ዳርቻችን ዋልካ፣ ጥቁር ጭቃማ አፈር ነው። ዋልካ በክረምት አብጦ ይገፋል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁም የመጀመሪያው ዝናብ ከግንቡ ጀርባ ይገባል። ይህን የማያውቅ ገበሬ በመካከላችን የለም። ግንቡን ስናቆም ግን ገበሬውን አልጠየቅንም። ስለዚህ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች አዲስ አበባን አቋርጠው አባ ሳሙኤል ሐይቅ ላይ ይገናኛሉ። ከተራራው የታጠበው አፈርና የከተማው ፍሳሽ የሚራገፈውም እዚሁ ነው። በአገራችን ቀደምት ከሆኑት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ የሆነው አባ ሳሙኤል፣ ብዙ ዓመት ቆሞ ከኖረ በኋላ በ2009 ዓ.ም. ታድሶ ሥራ ጀምሯል፤ አቅሙ 6.6 ሜጋ ዋት ነው። ተርባይን ይታደሳል። ላዩን እምቦጭ፣ ታቹን ደለል የያዘ ሐይቅ ግን በአንድ ጊዜ ሥራ አይታደስም፤ ጠርገን ብንጨርስ እንኳ ቦረቦሩ በሚቀጥለው ክረምት መልሶ ይሞላዋል።

አሜሪካ ውስጥ በሉዊዚያና የባሕር ዳርቻ የሆነው የእኛው ተቃራኒ ነው። የሚሲሲፒ ወንዝ እንዳያጥለቀልቅ ግራና ቀኙ ስለታጠረ ደለሉ ረግረጉ ላይ መውጣት አልቻለም። የመሬቱ መስመጥና ለነዳጅ የተቆፈሩት ቦዮች ተጨምረውበት ከ1932 እስከ 2016 እ.ኤ.አ. 4,833 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል መሬት ውሃ ሆነ። እዚያ ረግረጉ ደለል ተራበ፣ እዚህ ሐይቁን ደለል አነቀው። በሁለቱም ስፍራ ግን ሰው ውሃው የሚተኛበትን ቦታ ነሥቶታል።

ፊላና ደንገል ውስጥ የገባ ውሃ ጉልበቱ ይደክማል፤ ሲደክም የተሸከመውን አፈር ሥሩ ላይ ይጥላል። ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣውን ክሮሚየም የተባለ ብረት ግን ፊላ ይጨርሰዋል ብለን ራሳችንን አናታልል። እሱ ከምንጩ መታከም አለበት፤ በዚህ ውሃ የበቀለውን ጎመን የሚበሉት ልጆቻችን ናቸው።

የሥራ አመራሩ የሚያቀርበው ሐሳብ ግንቡ እንዳይቀጥል ነው። የዘንድሮው ገንዘብ ለራስጌው ቦረቦር ይዋል፦ ዝቅ ዝቅ ያሉ የድንጋይ ክትሮች፣ በየክትሩ አጠገብ የቬቲቨር ሣር። እኛ ጋ ያለው ገደል ደግሞ ተዳፋት ሆኖ ይስተካከል፤ እግሩ ላይ ድንጋይ ይነጠፍ፣ ከፍ ብሎ ቀርከሃ ይተከል። ማሳችሁ ወንዙ ድረስ የሚደርስ ደግሞ ከጠርዙ ጥቂት ትልም እንድትለቁ እንለምናለን። ከባድ ልመና ነው። ለአንድ ቤተሰብ ጥቂት ትልም ማለት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ በተለቀቀው መሬት የሚበቅለው ሣርና ቀርከሃ የባለማሳው እንዲሆን በመተዳደሪያ ደንባችን አንድ አንቀጽ እንዲጨመር አዘጋጅተናል፤ ከሰዓት ድምፅ ትሰጡበታላችሁ።

ከዚያ በፊት አብረን ወደ ወንዙ እንወርዳለን። የተገለበጠው ግንብ ዘንድ ስንደርስ ዳርቻውን ሲያርሱ የኖሩት አባቶች መጀመሪያ ይናገራሉ፤ መሐንዲሶቹ ከእነሱ ቀጥለው። ጸሐፊያችን ሁሉንም በቃለ ጉባኤ ይይዛል።

ጉባኤው ተከፍቷል።