የገደሉ ሰዓት፣ የበረሃው ሰዓት

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ዋላችሁ? ዛሬም ከፒያሳ ነኝ። የታክሲ ረዳቶቹ ድምፅ ከገባባችሁ ይቅርታ፣ መስኮቱ አይገጥምም።

ወፍ ለማየት የሚነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የት ልሂድ?» ብሎ ነው። በእኔ ግምት ግን ቦታው ከሰዓቱ በኋላ ይመጣል። የእኛ አቆጣጠር ደግሞ ለዚህ ተስማሚ ነው፤ ቀናችን ሲነጋ ይጀምራል፣ የወፉም እንዲሁ።

ጀማ ሸለቆን እንያዝ። በፍቼ መንገድ ሙከጡሪ ደርሶ በስተቀኝ ወደ ለሚ መታጠፍ ነው። እዚያ ያለው የሃርውድ ቆቅ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም። የሚጮኸው ጎህ ሲቀድ ነው። ፀሐይ ከፍ ስትል ጅረት ዳር ካለው ፊላና ቁጥቋጦ ውስጥ ይሸሸጋል፣ ከዚያ ወዲያ ፈልጉኝ ቢላችሁም አታገኙትም። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ማለዳ ተነስቶ ለመድረስ መሞከር ከንቱ ድካም ነው። ዋዜማውን እዚያው አካባቢ እደሩ፤ ከመነሳታችሁ በፊትም መንገዱ ሰላም መሆኑን አጣሩ።

ጥንብ አንሳና ንስር ደግሞ ተቃራኒ ናቸው። ሰፊ ክንፋቸውን እያራገቡ መውጣት ጉልበት ስለሚጨርስባቸው፣ ፀሐይ ገደሉን አሙቃ አየሩ ሽቅብ እስኪነሳ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። 3 ሰዓት ገደማ አፋፉ ላይ ከሆናችሁ ከእግራችሁ ሥር ተነስተው በዓይናችሁ ትክክል ያልፋሉ። ጀርባቸውን ማየት የሚቻለው ያኔ ነው፤ ከታች ወደ ሰማይ ስታዩዋቸው ሁሉም ጥቁር ይመስላሉ። ጅራቱ ረጅምና ጫፉ ሾጠጥ ያለ ካያችሁ፣ አጥንት ከላይ ድንጋይ ላይ ጥሎ የሚሰብረው ጢማሙ አሞራ ነው። አንድ ነገር አደራ፦ ባይኖኩላር (በሁለት ዓይን የሚታይበት የሩቅ ማሳያ) ዓይናችሁ ላይ እያለ አንዲት እርምጃ አትራመዱ። አፋፉ አጥር የለውም።

አዋሽ ፓርክ በሌላ አቅጣጫ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ሁለቱን በአንድ ቀን አደርሳለሁ ያለ ሁለቱንም ያጣል፣ ምክንያቱም የሁለቱም ምርጥ ሰዓት ጠዋት ነው።

በፓርኩ ኢላላ ሳላ ሜዳ መፈለግ ያለበት ኮሪ በስታርድ የሚባለው ወፍ ነው፤ መብረር ከሚችሉ ወፎች ሁሉ ከባዶቹ ውስጥ የሚቆጠር። ሣሩ ውስጥ ሲራመድ ፌንጣ ስለሚያስነሳ፣ ቀይዋ ንብ በል የምትባለው ትንሽ ወፍ አንዳንዴ ጀርባው ላይ ተፈናጣ ትሄዳለች። ከመኪና አትውረዱ፣ እግረኛ ሲያይ ይሸሻል። ሞተሩን ግን አጥፉ፤ ንዝረቱ ምስሉን ያንቀጠቅጠዋል።

4 ሰዓት ሲያልፍ መሬቱ ይግልና ከላዩ ያለው አየር ብርሃኑን እያጠፈ ሩቅ ያለውን ሁሉ እንደ ውሃ ያወዛውዛል። ያኔ ብዙ ሰው ቴሌስኮፑን ወደ 60 እጥፍ ያጎላል፣ ወፉም ይብስ ይደበዝዛል። ወደ 20 መልሱት፣ ቅርብ ያለውን ብቻ እዩ። ወይም ወንዙ ዳር ጥላ ፈልጉና እስከ 10 ሰዓት አረፍ በሉ። ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር ውሃ ያዙ። አቧራ የያዘ ሌንስ በሸሚዝ ጫፍ አይጠረግም፣ ደቃቁ አሸዋ ይጭረዋል። መጀመሪያ በአየር መንፊያ ወይም በለስላሳ ብሩሽ አራግፉት፣ ጨርቁ ከዚያ በኋላ ነው።

ባይኖኩላሩ 8 በ42 ቢሆን ይበቃል፤ 8 እጥፍ ያጎላል፣ የፊት ሌንሱ ስፋት 42 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። «ብዥ ይላል» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ለዓይን ስላልተስተካከለ ነው። በቀኝ በኩል ያለውን ሌንስ በእጃችሁ ሸፍናችሁ፣ በመሃለኛው መዘውር ለግራ ዓይናችሁ አጥሩት። ቀጥሎ ግራውን ሸፍኑ፤ መዘውሩን ሳትነኩ ቀኝ ዓይን ላይ ያለውን ቀለበት ብቻ አዙሩ። ብዙዎቹ ላይ ቀለበቱ ያለው እዚያ ነው።

ይህን በረሃ ደርሶ መማር አያዋጣም። አራት ኪሎ ቆማችሁ ሥጋ ቤት በላይ የሚያንዣብበውን ጭላት ተለማመዱበት፤ ጅራቱ እንደ መንሽ መሃሉ ገባ ያለ መሆኑ ጥርት ብሎ እስኪታያችሁ።