ኩባንያው ይሸጣል፣ ኮዱስ? በጅማ ዓመታዊ ጉባኤያችን የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ እንግዶች፣ ውድ የኦፕን ሶርስ ማኅበራችን አባላት፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ። ለአዲስ እንግዶች፦ ኦፕን ሶርስ ማለት ኮዱን፣ ማለትም የፕሮግራሙን ጽሑፍ፣ ማንም አይቶ ሊጠቀምበትና ሊያሻሽለው የሚችል ሶፍትዌር ነው። ከአጋሮ ድረስ በዚህ ዝናብ ለመጣችሁ ደግሞ ልዩ ምስጋና አለኝ። አዳራሹን በነፃ የሰጡንንም እናመሰግናለን።

የዓመቱን ሥራ ባጭሩ ልበል። ለተማሪዎች ሊኑክስ በተባለው ክፍት ኦፕሬቲንግ ሲስተም (ኮምፒውተሩን በሚያንቀሳቅሰው ዋና ፕሮግራም) ላይ ሥልጠና ሰጥተናል። የሁለት ትምህርት ቤቶችን ኮምፒውተሮች ሊብሬኦፊስ ወደተባለው ነፃ የቢሮ ሥራ ፕሮግራም አዙረናል። የቢሮ ኪራዩም ተከፍሏል። ኮርቼባችኋለሁ፤ ዝርዝሩ ሪፖርቱ ላይ አለ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልግባ። ዓመቱን ሙሉ አንድ ጭቅጭቅ ሲያምሰን ከረመ። «ኦፕን ሶርሱንም ትልልቆቹ እየገዙት ነው፣ ላለቀለት ነገር ምን ያደክመናል» የሚል። ይህን ያሉትን አልፈርድባቸውም። የኮምፒውተር ኩባንያው አይቢኤም ሬድ ሃት የተባለውን የሊኑክስ ኩባንያ በ34 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶ በ2019 ጠቀለለው (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው)። በ2020 መጨረሻ ላይ ደግሞ የሬድ ሃት ሊኑክስ ነፃ ቅጂ የሆነውና እስከ 2029 ይቆያል የተባለው ሴንትኦኤስ 8 በ2021 መጨረሻ እንደሚቆም ተነገረ። ማንም ይደነግጣል።

ግን ከዚያ በኋላ የሆነውንም እንናገር እንጂ! ከሴንትኦኤስ መሥራቾች አንዱ የሆነው ግሪጎሪ ኩርትዘር ወዲያው በምትኩ ሮኪ ሊኑክስን ጀመረ። ሌላ ምትክ፣ አልማሊኑክስም መጣ። ቀደም ሲልም ኦራክል የተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ በ2010 ሰን የተባለውን ኩባንያ ጠቅልሎ ሲወስድ የዳታቤዝ (የመረጃ ማከማቻ) ፕሮግራሙ ማይኤስኪውኤልም የቢሮ ፕሮግራሙ ኦፕንኦፊስም አብረው ሄዱ። ከማይኤስኪውኤል መሥራቾች አንዱ ኮዱን ይዞ ማሪያዲቢን ሠራ፣ በትንሿ ልጁ ስም። የኦፕንኦፊስ ሰዎችም በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ተያይዘው ወጡና ሊብሬኦፊስን አቆሙ። ያ ነው እንግዲህ ትምህርት ቤቶቹ ላይ የጫንነው።

ስሙ ይሸጣል፣ አርማው ይሸጣል። አንዴ ጂፒኤል በሚባለው፣ ኮዱን ሁሉም እንዲጠቀምበትና እንዲያሻሽለው በሚፈቅደው ፈቃድ የወጣውን ኮድ ግን ገዢው መልሶ ሊነጥቀን አይችልም። ባለመብቱ እሱ ብቻ ከሆነ የሚቀጥለውን ሊዘጋብን ይችላል፣ እውነት ነው። ያኔ የወጣውን ኮድ አንስቶ በማግሥቱ ሥራውን የሚቀጥል ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ከሌለ ፈቃዱ ምን ይሠራልናል?

እኔን ያቃጠለኝ ይኸው ነው። የሊብሬኦፊስን የአማርኛ ትርጉም ለማረም፣ ያገኘነውንም ስህተት ለመላክ ቅዳሜ ቅዳሜ ቀጠሮ ይዘን ነበር። ሦስት ሰው መጣ። በሚቀጥለውም ሦስት። ቡናው ተፈልቶ፣ ወንበሩ ተደርድሮ፣ በር በር እያየን ስንቀመጥ ምን እንደሚሰማ ልነግራችሁ አልችልም። ክርክር ሲሆን ግን ቤቱ ይሞላል! እድር ውስጥ ቀብር የቀረ ይቀጣል፤ እኛ ግን ድንኳን የሚተክል ጠፍቶ ድንኳኑን ማን ገዛው ብለን እንጣላለን።

ዛሬም ከአባላቱ ግማሹ እንኳን አልመጣም። ባለፈው ዓመት እዚሁ ቆመህ «ሁሉም ተሽጧል፣ ቤታችን እንግባ» ያልከው ወንድሜ፣ አንተም የለህም። የሚነግርህ ሰው አይጠፋምና በቀጥታ ላንተው ልናገር። ቂም የለኝም። ዳታቤዝ ላይ ካንተ የተሻለ እጅ ጅማ ውስጥ አላውቅም። የአንዲት ፋርማሲ መረጃ ወደ ማሪያዲቢ ስናዞር እኩለ ሌሊት ላይ ተጣብቆብን ሦስቴ ደወልኩልህ። እስኪነጋ ታግለን ጨረስነው፤ አንተ ብትኖር የአንድ ሰዓት ሥራ ነበር።

ቅዳሜ 8 ሰዓት እዚያው ቢሯችን ነን። ላፕቶፕህን ይዘህ ና።