ሶፍትዌሩ ይታዘዛል ወይ?

ጤና ይስጥልኝ! የደብረ ብርሃን ብርድ ሳይበግራችሁ በጠዋት ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከመሐል ሜዳና ከዓለም ከተማ የመጣችሁማ መንገዱን ስለማውቀው ክበሩልኝ።

በቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ። ቢሮ ስሠራ በየወሩ መጨረሻ የሁለት መቶ ሰው ስምና ሒሳብ ኤክሴል ላይ ይሰጠኝና፣ አንድ በአንድ ኮፒ አድርጌ ዎርድ ላይ ፔስት፣ ሴቭ፣ ፕሪንት፣ እንደገና ኮፒ፣ እንዲህ እያልኩ ይመሽብኝ ነበር። አንድ ወር ላይ አንድ ረድፍ ዘለልኩ። የአንዲት እናት ደብዳቤ በሌላ ሰው ሒሳብ ወጣ። ከገጠር ድረስ ሁለት ጊዜ ተመላለሱበት። እስካሁን ይቆረቁረኛል።

ያን ሥራ ስክሪፕት ይሠራዋል፤ ስክሪፕት ማለት ኮምፒውተሩ በተራ እንዲፈጽመው የተጻፈ የትእዛዝ ዝርዝር ነው። ስክሪፕት እንደ እኛ ማውዝ እየጎተተ አይነካካም፤ ፕሮግራሙን በስሙ ጠርቶ ያዘዋል። ደብዳቤውን ክፈት፣ ስሙን ከኤክሴሉ ሁለተኛ ረድፍ አምጣ፣ ፕሪንት አድርግ፣ ወደ ሦስተኛው እለፍ። ታዲያ ይሄ የሚሆነው ፕሮግራሙ ከውጭ ትእዛዝ እንዲቀበል ተደርጎ ከተሠራ ነው። ሁሉም አይቀበልም። ዎርድ፣ ኤክሴልና ነባሩ (ክላሲክ) የኢሜይል ፕሮግራም አውትሉክ ይቀበላሉ። ኤክሴል ውስጥ ቪቢኤ የሚባለው የስክሪፕት መጻፊያ ቋንቋ ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ የማክ ኮምፒውተሩ ቋንቋ አፕልስክሪፕትም የዚያው ዓመት ነው። በነጻ የሚገኘው የቢሮ ሶፍትዌር ሊብሬኦፊስ ደግሞ ፓይተን በሚባለው ቋንቋ ይታዘዛል። ስለዚህ ቢሮአችሁ አዲስ ሶፍትዌር ሊገዛ ሲል ከዋጋው በፊት ጠይቁ፦ ይታዘዛል ወይ?

አሁን እኛን የሚነካ ነገር ላንሳ። የቪቢኤ መጻፊያ ዩኒኮድን፣ ማለትም የእኛን ፊደል ጨምሮ የዓለምን ፊደላት ኮምፒውተር የሚያውቅበትን ሥርዓት፣ አይቀበልም። ኮዱ ውስጥ «ወይዘሮ» ብላችሁ ስትጽፉ የጥያቄ ምልክት ይደረድርላችኋል። ስንት ጎበዝ ልጅ እዚህች ጋ ሲደርስ «በአማርኛ አይሠራም» ብሎ ተወው! ይሠራል እኮ። አማርኛውን ኤክሴሉ ሴል ላይ ጻፉት፣ ስክሪፕቱ ከሴሉ ያንብበው፣ አለቀ። ኤክሴል ጳጉሜንን ስለማያውቅ የቀኑን ዓምድ ቴክስት አድርጉት።

ኤክሴል ላይ ማክሮ፣ ማለትም ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠ ስክሪፕት፣ የሠራውን ኮንትሮል ዜድ አይመልሰውም። መጀመሪያ የፋይሉ ኮፒ ላይ ሞክሩ። ከማታውቁት ሰው የመጣ ማክሮ ደግሞ በጭራሽ አትክፈቱ።

ከሻይ በኋላ በየወሩ የሚያስመሻችሁን ፋይል በፍላሽ ይዛችሁ ወደ ፊት ኑ። ከሸዋ ሮቢት የመጣችው እህታችን የማዳበሪያ ዝርዝር ይዛለች፤ በእሱ እንጀምራለን።