ፍሪሲዮን፣ የፍሬን ዘይትና አንዲት የቀለም ጠብታ

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ አድማጮቼ። በዛሬው ክፍል የማወራችሁ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ከቤቴ ደጃፍ ስለቆመችው ቀይ መኪናዬ ነው። በ1990 እ.ኤ.አ. የተሠራች፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ ወደ ኋላ የሚታጠፍ ማዝዳ ሚያታ ናት። የገዛኋት ከስድስት ዓመት በፊት ነው። ባለፈው ኅዳር ፍሪሲዮኗን፣ ማለትም ሞተሩንና ማርሹን የሚያገናኘውንና የሚያላቅቀውን ክፍል፣ ስጠግን ቀለሟን አበላሸሁ፤ የአንዱ ጥገና ለሌላው ጉዳት ምክንያት የሆነበትን ታሪክ ደግሞ ከመጀመሪያው ብነግራችሁ ይሻላል።

ማዝዳ ይህችን መኪና ለሕዝብ ያሳያት በ1989 በቺካጎ የመኪና ትርኢት ላይ ነበር። ሥራውን የመሩት መሐንዲስ ቶሺሂኮ ሂራይ ሲሆኑ፣ መመሪያቸው ያደረጉት ፈረሱና ፈረሰኛው አንድ አካል ይሁኑ የሚለውን የጃፓኖች አባባል ነው። ክብደቷ ከ1,000 ኪሎ ግራም በታች ነው፤ ሞተሯም 1.6 ሊትር ብቻ ነው። በጉልበት የምትመካ መኪና ስላልሆነች፣ ደስታዋ ያለው ማርሽ በመቀያየር ላይ ነው። ፍሪሲዮኗ ሲታመም ሁለመናዋ የሚታመመውም ለዚህ ይመስለኛል።

ኅዳር ላይ አንድ ማለዳ ፔዳሉን ስረግጠው ያለምንም ግፊት እስከ ወለሉ ድረስ ወረደ፤ የኋላ ማርሽ ላስገባም ስል ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ጮኸ። ወደ አንድ ጋራዥ ደውዬ ምልክቱን ስነግራቸው፣ መኪናዋን ሳያዩ ካምቢዮው ወርዶ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ መቀየር እንዳለበት ወሰኑ። የጠየቁኝ ዋጋ ከባድ ነበር። ለመቀበል ጥቂት ሲቀረኝ፣ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አካባቢ ለብዙ ዓመታት መካኒክ የነበሩትን አንድ ጎረቤቴን አማከርኳቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። ከወንበራቸው ሳይነሡ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ካምቢዮ ከማውረድህ በፊት ዘይቱን አይተኸዋል?»

አላየሁም ነበር።

የሚያታ ፍሪሲዮን በገመድ ሳይሆን በፈሳሽ ግፊት ነው የሚሠራው። ፔዳሉ ሲረገጥ ኮፈኑ ሥር ያለው የላይኛው ሲሊንደር ዘይቱን (ፍሪሲዮኑም የሚጠቀመው የፍሬን ዘይት ነው) በቀጭን ቱቦ ይገፋዋል፤ ዘይቱ ደግሞ ካምቢዮው ጎን ላይ የታሰረውን የታችኛውን ሲሊንደር ይገፋል፤ እሱም ሹካውን ገፍቶ የፍሪሲዮኑን ዲስክ ከቮላኖው፣ ከሞተሩ ጋር ከሚሽከረከረው ከባድ ጎማ መሰል ብረት፣ ያላቅቃል። በዚያ ዘመን በተሠሩ ሚያታዎች ላይ ከሁሉ ቀድሞ የሚደክመው የታችኛው ሲሊንደር ውስጥ ያለው፣ ዘይት እንዳያፈስ የሚያግደው የጎማ ጓርኒሲዮን መሆኑን የዚህች መኪና ባለቤቶች ሁሉ ያውቁታል። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። የፍሬን ሸራ እያለቀ ሲሄድ የፍሬኑ ዘይት በመያዣው ውስጥ ዝቅ ማለቱ የተለመደ ነው፤ የፍሪሲዮን ዘይት ግን ዲስኩ ስላለቀ ዝቅ አይልም። ዝቅ ካለ አንድ ቦታ እየፈሰሰ ነው ማለት ነው። የእኔ መያዣ ባዶ ሊሆን ትንሽ ቀርቶት ነበር፤ መኪናዋ ሥር ገብቼ የታችኛውን ሲሊንደር የጎማ ሽፋን ገለጥ ሳደርገው፣ ቡና የመሰለ ፈሳሽ በጣቴ ላይ ወረደ።

አዲሱን ሲሊንደር ገዝቼ፣ በሁለት ብሎን የታሰረውን አሮጌውን ፈትቼ ቀየርኩት። ቀጥሎ የመጣው ሥራ አየር ማስወጣት ነው፤ ይህ ደግሞ ሁለት ሰው ይፈልጋል። የአሥራ አራት ዓመት ልጄ መሪው ጋ ተቀመጠ፤ እኔ ደግሞ ከመኪናዋ ሥር ተኛሁ። «ርገጥ» ስለው ይረግጣል፤ «ያዝ» ስለው እግሩን ሳያነሣ ይይዛል፤ እኔ የማፍሰሻዋን ብሎን ስከፍት አረፋ የቀላቀለ ዘይት በላስቲክ ቱቦው ውስጥ ያልፋል፤ ከዘጋሁት በኋላ «ልቀቅ» እለዋለሁ። መጀመሪያ ላይ ፔዳሉ ወለሉ ላይ እየቀረ በእጁ ወደ ላይ ይስበው ነበር። አሥር ጊዜ ያህል እንደደጋገምነው ግን፣ «አባዬ፣ አሁን እግሬን መልሶ ገፋኝ» አለኝ። ያችን ቃል እስከ ዛሬ እወዳታለሁ።

ስሕተቱ የተፈጠረው ከዚህ በኋላ ነው። መያዣውን ስሞላ ከጠርሙሱ አንዲት ጠብታ በግራው ፓራፋንጎ (ጎማውን ከላይ በሚሸፍነው የመኪናዋ አካል) ላይ ወደቀች፤ እኔም በደረቅ ጨርቅ ጠረግ አድርጌ ተውኩት። የፍሬን ዘይት በስሙ ዘይት ይባል እንጂ ከሞተር ዘይት ጋር ዝምድና የለውም፤ ከውኃ ጋር የሚዋሃድ፣ ቀለምን የሚያለሰልስና የሚልጥ ፈሳሽ ነው። በጨርቅ ሲጠርጉት ወደ ጎን ይሰራጫል እንጂ አይጠፋም። ማድረግ የነበረብኝ ወዲያውኑ ብዙ ውኃ ማፍሰስ፣ ከዚያም በሳሙና ማጠብ ነበር። በማግሥቱ ጠዋት ቀለሙ እንደ ወተት ስልባቦት ተጨማዶ አገኘሁት፤ በጥፍሬ ስነካው የባቄላ ፍሬ የምታህል ስፍራ ተልጣ የብረቱ ላሜራ ታየ።

ይህን ያህል ጉዳት ወደ ቀለም ቀቢ የሚያስኬድ አይደለም። ከዚህ ሰፋ ካለ ወይም ላሜራው ከጎደጎደ ግን ለባለሙያ መተው ይሻላል። መጀመሪያ ስፍራውን አጠብኩት፤ የለሰለሰውን ቀለም ጠንካራው ጋ እስክደርስ ድረስ ላጥኩት፤ ጠርዙንም በእርሳስ ጫፍ ላይ በለጠፍኳት ቁራጭ ብርጭቆ ወረቀት አለዘብኩት። ከዚያም ሰም እንዳይኖር በአልኮል ወለወልኩትና በባዶው ብረት ላይ ስስ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባ መነሻ ቀለም) አደረግሁ። እኛ አካባቢ በክረምት በረዶው እንዲቀልጥ መንገዱ ላይ ብረት የሚያዝግ ጨው ስለሚበተን ባዶ ብረት ለአንድ ሳምንትም ቢሆን መተው አያዋጣም።

የቀለሟ ኮድ ኤስ ዩ ነው፤ ፋብሪካው ክላሲክ ቀይ ይለዋል። ይህ ቀይ ከላዩ ግልጽ ቫርኒሽ ያልተቀባበት፣ ራሱን ችሎ የሚያብረቀርቅ ቀለም ነው፤ ስለዚህ ፀሐይ ሲመታው እየደበዘዘ ወደ ሮዝነት ይሄዳል። አዲሱን ቀለም በደበዘዘው ላይ ብታኖሩት ኮዱ ትክክል ሆኖ ሳለ እንኳ እንደ ባዕድ መጣፊያ ይታያል። በመሆኑም በቅድሚያ ፓራፋንጎውን በሙሉ በማለስለሻ ፈትጌ የቀድሞ ቀይነቱን አወጣሁት። ጨርቁ ቀይ ሲሆንባችሁ አትደንግጡ፤ የላይኛው የሞተ ቀለም ነው የሚለቀው።

ከጠርሙሱ ጋር የሚመጣውን ብሩሽ አልወደውም፤ ወፍራም ነው። የጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት ጫፍ በቀለሙ ነክሬ መካከሉ ላይ ብቻ አስነካዋለሁ፤ ቀለሙ ራሱ ወደ ጠርዙ ይፈሳል። ያኔ እጅን ማንሣት ነው። አንድ ጊዜ ልድገመው የሚለው ፍላጎት ብርቱ ነው፤ እርጥብ ቀለም በተነካካ ቁጥር ግን ይጎተታል፣ ይጨማደዳልም። በየአንድ ሰዓቱ አምስት ስስ ሽፋን ጨመርኩበትና ከዙሪያው በጥቂቱ ከፍ ሲል ተውኩት። ሳምንት ከቆየ በኋላ በ2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ በውኃ እያራስኩ፣ ጉብታውን ብቻ አስተካከልኩ። የፋብሪካ ቀለም ውፍረቱ ከሰው ፀጉር ብዙም ስለማይበልጥ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ካሸሁ በኋላ አድርቄ ማየት ነበረብኝ።

እግርንም ከፍሪሲዮኑ ፔዳል ላይ እንዲሁ ማንሣት ያስፈልጋል። አዲስ አበባ መንዳት ስማር አስተማሪዬ ዳገት ላይ መኪናውን በፍሪሲዮን ብቻ አመጣጥኜ ማቆሜን እንደ ትልቅ ችሎታ ያዩልኝ ነበር። ለፈተና ይጠቅም ይሆናል፤ ዲስኩ ግን ያን ጊዜ ሁሉ ቮላኖው ላይ እየተንሸራተተ ይቃጠላል። አሁን ዳገት ላይ በእጅ ፍሬን እቆማለሁ። ረጅም ቀይ መብራት ሲይዘኝ ፔዳሉን ረግጬ አልጠብቅም፤ ማርሹን አውጥቼ እግሬን ወለሉ ላይ አሳርፋለሁ፣ ምክንያቱም ፔዳሉ በተረገጠ ቁጥር ሹካው የሚገፋው ኩሽኔታ ጫና ላይ ነው።

ዲስኩ ማለቁን ለማወቅ ነጻ መንገድ ላይ በአራተኛ ማርሽ በዝግታ እየሄዳችሁ ነዳጅ ስጡ፤ የሞተሩ ዙር ዘሎ ፍጥነቱ ካልተከተለው ዲስኩ ይንሸራተታል ማለት ነው። ያኔ ካምቢዮው መውረዱ አይቀርም፤ ከወረደ ደግሞ ዲስኩን፣ ዲስኩን ቮላኖው ላይ የሚጫነውን ክፍልና ኩሽኔታውን በአንድ ላይ ቀይሩ፤ ብዙው ወጪ ያለው ማውረዱ ላይ ነውና። የእኔዋ ይህን ፈተና አልፋለች።

ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ ለመቀየር ወስኛለሁ፤ እርጥበት ከአየር ስለሚስብ ያረጃል። ለጊዜው ቅዳሜ ቅዳሜ ኮፈኑን ከፍቼ መጠኑን አያለሁ፤ ከላይኛው መስመር አልወረደም። ልጄም ከጎኔ ቆሞ ያቺን የባቄላ ፍሬ ስፍራ በጣቱ ይፈልጋታል፤ ከጎን ብርሃን ሲያርፍባት ብቻ ነው የሚያገኛት።