በጥንዚዛ አንጀት ውስጥ የተገኘ ቅጠል

[ምስል፦ ገና ያልተዘረጋ ለጋ ቅጠል፤ ካሜራው ወደ ውስጥ ይጠጋል]

ይህን ቅጠል እዩት። እንደ ብራና ጥቅል ተጠምጥሟል። መሃሉ ላይ እንደ ሐብሐብ ዘር ጠፍጣፋ የሆነች ጥንዚዛ ተለጥፋለች። ምግቧ ይህ ቅጠል ነው? ወይስ ለመሸሸግ ብቻ ገብታ ነው፣ የምትበላው ሌላ ቦታ?

ያለነው ኮስታ ሪካ፣ ላ ሴልቫ የምርምር ጣቢያ ነው። ተክሎቹ የዝንጅብልና የሙዝ ዘመዶች ናቸው፤ የእኛ እንሰትና ኮረሪማም ከዚሁ ክፍለ መደብ ናቸው። ተመራማሪዎች እነዚህን ጥንዚዛዎች ሁለት ዓመት ተከታትለው ውጤቱን በ2013 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። በዓይን ያዩትን ጻፉ፤ አንጀታቸውንም መረመሩ።

[ምስል፦ ጥንዚዛዋ አልኮል ባለበት ብልቃጥ ውስጥ]

የተያዘችው ጥንዚዛ አልኮል ውስጥ ትገባለች፤ አለበለዚያ የበላችው መፈራረሱን ይቀጥላል። ከሰውነቷ ከሚወጣው ዲኤንኤ፣ ማለትም የዘር መረጃን ከሚይዘው ንጥረ ነገር፣ አብዛኛው የራሷ ነው። የተክሉ እንዴት ይለያል? በክሎሮፕላስት! ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገው ይህ ክፍል የራሱ ዲኤንኤ አለው፤ ነፍሳት ግን ክሎሮፕላስት የላቸውም። በአንድ የቅጠል ሴል ውስጥ ብዙ ክሎሮፕላስት፣ በእያንዳንዱም የዲኤንኤው ብዙ ቅጂ ስላለ፣ ቅጠሉ ታኝኮ እንኳ የሚተርፍ አይጠፋም። ፒሲአር የተባለው ዘዴ ያንን ብቻ ነጥሎ ያባዛል። አንጀት ዲኤንኤን ስለሚቆራርጥ የሚፈለገው አጭር ቁራጭ ነው።

ከዚያ ዲኤንኤው የተሠራባቸው፣ እንደ ፊደል የሚቆጠሩት ክፍሎች ቅደም ተከተል ይነበብና ስማቸው ከታወቁ ተክሎች ጋር ይመሳከራል። እኔ ከሁሉ የማደንቀው ይህን ማመሳከሪያ የሚያዘጋጁትን ነው። ጫካውን በእግሩ ዞሮ፣ እያንዳንዱን ተክል ለይቶ፣ በስሙ የሚያስቀምጥ ሰው ከሌለ የተነበበው ሁሉ ባለቤት የሌለው ፊደል ሆኖ ይቀራል።

ላ ሴልቫ ላይ ዓይንና ዲኤንኤ በአብዛኛው ተስማሙ። ስለዚህ ሌሊት የሚበሉትን፣ ሰው ሲቀርብ የሚበሩትን ነፍሳትም በዚህ መንገድ ማጥናት ይቻላል።

ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። እግሯ ላይ የተጣበቀ የአበባ ዱቄት ያልበላችውን ተክል እንደበላች ሊያስመስል ይችላል። የአንድ ተክል ሥርና ቅጠል ዲኤንኤም አንድ ስለሆነ የትኛውን እንደበላች አይነግረንም።

[ምስል፦ ጣት ጥቅሉን ቀስ ብሎ ይፈታል]

ለዚህኛው መልሱ እዚህ ነው። ጥቅሉ ሲፈታ፣ ጥንዚዛዋ ከነበረችበት አጠገብ ቅጠሉ በቀጭን መስመር ተፍቋል፤ ጠርዙም ገና አልደረቀም።